ባጃጅ የተሳፈረው በግና የማና ቡና

ይህ ነገር የደረሰብኝ ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በጥር ወር፣ እዚሁ ጅማ ከተማ ነው። አሥር ዓመት ገደማ አልፎታል። ነገር ግን ሰው "ያሰብከው ይመጣል" ሲል በሰማሁ ቁጥር ያ ሳምንት ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። ሌሎች አንባቢዎች ለዚህ ዓምድ የሚልኩትን ገጠመኝ ሳነብ አብዛኛው ስለ ድንጋጤና ስለ ሐዘን ነው። የእኔ የምኮራበት ነው። ኩራቴንም አልደብቅም፤ ሞክሬው አልሆነልኝም።

ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ነው። እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ "አንቺ ልጅ፣ ይሄ ምላስሽ አንድ ቀን ጉድ ያደርግሻል" ትለኝ ነበር። ለጎረቤት መልስ ስለማላሳድር ነው። ምላሴ ግን ጉድ አላደረገኝም፣ እንጀራ ሆነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሁለት ዓመት ቤት ከተቀመጥኩ በኋላ አንድ የቡና ጥራት መመርመሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ሥራዬ ከየገጠሩ የሚመጣውን የቡና ናሙና መቁላት፣ መፍጨት፣ ሲኒዎቹን መደርደርና የፈላ ውሃ መሙላት ነበር። ቀማሾቹ ቀምሰው ሲጨርሱ እኔም በመጨረሻ ማንኪያዬን ይዤ እንድማር ይፈቀድልኛል። ያገኘሁትን እጽፋለሁ። ወረቀቴ ግን ለትምህርት እንጂ ለውሳኔ አይቆጠርም ነበር።

ቅምሻ አይቶ ለማያውቅ ሰው ልንገረው። ቡና ቀማሽ ቡና አይጠጣም። በማንኪያ ጨልፎ በኃይል ይምገዋል፣ አፉ ውስጥ ያንከባልለዋል፣ ከዚያ ባልዲ ውስጥ ይተፋዋል። ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው ሳቁን መያዝ አይችልም። ክፍሉ ግን ጥብቅ ሕግ አለው። ሽቶ ተቀብቶ መግባት የለም፣ ነጭ ሽንኩርት በልቶ መግባት የለም፣ ሁሉም ያገኘውን በየወረቀቱ ጽፎ እስኪጨርስ ድረስ ማንም ቃል አይተነፍስም።

ይህን ሕግ የሚያስከብሩት ዋናው ቀማሻችን ጋሽ ታደሰ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት የቀመሱ፣ ረዥም፣ ቁጡ ሰው ናቸው። አንድ ጊዜ ሽቶ ተቀብታ የመጣች ጸሐፊን ከበር መልሰው ቧንቧ ድረስ ሄዳ አንገቷን እንድትታጠብ አድርገዋታል። እሳቸው ፊት እኔ እንኳ አፌን እሰበስብ ነበር።

ሁለተኛዋ ቀማሽ ሃያት ናት፤ እዚሁ ጅማ መርካቶ ያደገች የጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ የቅርብ ጓደኛዬ። ያን ጥር አዲስ አበባ ለዘመድ ሠርግ ሄዳ ስትመለስ ፎቶ ኮፒ የተደረገ ወረቀት ይዛ መጣች። ወረቀቱ የሚለው ባጭሩ የሰው ሐሳብ እንደ ማግኔት ነው፤ አጥብቀህ ያሰብከው ነገር ወደ አንተ ይመጣል። ሃያት ሌሊቱን ሙሉ አንብባው ዓይኗ ቀልቷል።

እኔ ሳቅሁ። "በማሰብማ ቢሆን እኔ እስካሁን የሦስት ፎቅ ባለቤት ነበርኩ" አልኳት።

"አንቺ ስታስቢ እየተጠራጠርሽ ነዋ! ሞክሪው። ወላሂ ካልመጣ እኔ ወረቀቱን እቀደዋለሁ።"

ውርርድ ገባን። እኔ አንድ ነገር መርጬ ሳምንቱን ሙሉ ላስብ፤ ከመጣ ሃያት ታሸንፋለች፣ ካልመጣ እኔ። የተሸነፈ ደግሞ አንድ ወር ሙሉ የመትፊያውን ባልዲ ብቻውን ይደፋል፣ ያጥባል። ባልዲውን በየተራ ስናጥብ እንኳ ፊታችንን አዙረን ስለነበር ውርርዱ ቀላል አልነበረም። እኔም እንዳልሸነፍ ብዬ ሊሆን የማይችል ነገር ፈለግሁ። ባጃጅ ከተማችን ከገባ ገና ብዙ አልቆየም ነበር። ስለዚህ ባጃጅ ውስጥ እንደ ሰው ተሳፍሮ የሚሄድ በግ አስባለሁ አልኩ። በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

ሰኞ አሰብኩ፣ የለም። ማክሰኞ የለም። ረቡዕ ሃያት ፊቷ ተለዋወጠ። ሐሙስ ጠዋት በመርካቶ በኩል ወደ ሥራ ስሄድ አንድ ባጃጅ አለፈኝ። ከኋላው መቀመጫ ላይ አንድ ሰውዬና አንድ ነጭ በግ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠዋል። በጉ ወደ ውጭ እያየ ነው። ደርቄ ቀረሁ። መንገዱን ሳልጨርስ ሌላ አየሁ። ከዚያ ሦስተኛ።

ሦስተኛው ባጃጅ መንገድ ተዘግቶበት ቆሞ ስለነበር ሹፌሩን "በግ ትጭናላችሁ እንዴ?" አልኩት።

"እህቴ፣ ሐሙስ ገበያ አይደል እንዴ! ሁልጊዜ እንጭናለን። በግ ከሰው ይሻላል፤ መልስ ጎደለኝ አይልም" አለኝ።

እዚያው ቆሜ አሰብኩ። ሐሙስ ሐሙስ በዚያ መንገድ ስመላለስ ስንት ጊዜዬ ነው! በጎቹ ሁሌም ነበሩ፤ እኔ ነኝ ያላየኋቸው። ለሃያት እንዲህ አልኳት፤ "ሐሳቤ በጉን አልጠራውም፤ ዓይኔን ነው የጠራው።" ሃያት ግን "የተሸነፈ ሁሉ እንዲህ ይላል" ብላ ባልዲውን እግሬ ሥር አስቀመጠችው። ተሸንፌያለሁና ማጠብ ጀመርኩ። ውርርድ ውርርድ ነው።

ዋናው ነገር የሆነው በሚቀጥለው ማክሰኞ ነው።

ጠዋት አንድ ሽማግሌ ከማና ወረዳ መጡ። አባ ፎጊ ይባላሉ፤ የአንድ አነስተኛ የገበሬዎች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ማኅበሩ ቡናን ከነገለፈቱ በጀንፈል ከማድረቅ ወጥቶ፣ መፈልፈያ ተክሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የታጠበ ቡና ያዘጋጀው በዚያ ዓመት ነበር። ናሙናው ካለፈ ቡናቸው ወደ ውጭ ይላካል። ከወደቀ የዓመት ልፋታቸው ተራ ቡና ተብሎ እዚሁ አገር ውስጥ ይቀራል። ሽማግሌው ናሙናውን ለዘበኛችን ለጋሽ ደበላ አስረክበው ግቢው ውስጥ ካለው የግራቪሊያ ዛፍ ሥር ጃንጥላቸውን ይዘው ተቀመጡ። ውጤቱን ሳይሰሙ እንደማይሄዱ ተናግረዋል።

እኔ ቡናውን ቆላሁት። መፍጨት ስጀምር ጋሽ ደበላ ውሃ በጄሪካን ይዞልን ገባ። ጋሽ ደበላ ደግ ሰው ነው፤ ወሬ ግን አያሳድርም። ያኔ ናሙናው የማን እንደሆነ ሳህኑ ላይ ተጽፎ ይቀመጥ ነበር። እሱም ሳህኑን አይቶ፣ "ይሄ የማናው ነው አይደል? ሽማግሌው የወረዱበት አይሱዙ ጥሬ ቆዳ ነው የጫነው። ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል" ብሎ ጄሪካኑን አስቀምጦ ወጣ።

ጋሽ ታደሰ "ወሬህን እዚያው!" ብለው ጮኹበት። ግን ሁላችንም ሰምተናል።

ቡና ሽታ ይስባል። ከቆዳ ጋር ያደረ ቡና ቆዳ ቆዳ እንደሚል ሁሉም ቀማሽ ያውቃል። ጋሽ ታደሰ ማግ አደረጉ፣ ቆም አሉ፣ ቅንድባቸውን ሰበሰቡ፣ ተፉ፣ ጻፉ። ሃያትም ቀምሳ ጻፈች። በመጨረሻ እኔ ቀመስኩ። እውነቱን ልናገር፤ አገኘሁት። ምላሴ ሥር፣ ወደ ጉሮሮዬ አካባቢ፣ እርጥብ ቆዳ። "የቆዳ ቃና" ብዬ ጻፍኩ።

ወረቀቶቹ ሲገለጡ ሦስታችንም የጻፍነው ያው ነው። ጋሽ ታደሰ የእኔን ወረቀት አንስተው "ጎሽ! ምላስሽ እየበሰለ ነው" አሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩት ቃል ነው። ደስታዬን አልችለው አልኩ። የሽማግሌው ቡና መውደቁ ለአፍታ እንኳ ትዝ አላለኝም።

ባልዲውን አንስቼ ልደፋ ወጣሁ። በውርርድ ባልሸነፍ ኖሮ የዚያን ቀን ተራው የሃያት ነበር።

አባ ፎጊ ከዛፉ ሥር ተነሱ። "አካም ጂርታ፣ ልጄ? ቀመሳችሁት እንዴ?"

"አባባ፣ ውጤት የምንናገረው እኛ አይደለንም። ቢሮ ይነግርዎታል" አልኳቸው። ፊታቸውን ላለማየት ባልዲውን አየሁ።

"ኤዬ፣ ገብቶኛል። ረቢ ያውቃል" አሉና ብቻቸውን እንደሚያወሩ ሁሉ ቀጠሉ። "ቀዩን ብቻ ነው የለቀምነው። ሴቶቻችን ውሃ ከወንዝ በጀርባ አመላልሰዋል። ሰው ስቆብናል፣ 'ቡናን እንደ ልብስ ያጥባሉ' እያለ። ዛሬም ሹፌሩ 'ኋላ ከቆዳው ላይ ወርውረው' ሲለኝ እምቢ አልኩ። ጋቢና ገብቼ ጭኔ ላይ ይዤው ነው የመጣሁት። ፌስታሉን ሦስት ጊዜ ነው የቋጠርኩት። ልብሴ እንኳ አልነካውም፣ አልሃምዱሊላህ።"

ባልዲው እጄ ላይ ከበደኝ።

ጋቢና። ጭናቸው ላይ። ሦስት ጊዜ የተቋጠረ። ወደ ኋላ ተመልሼ አሰብኩ። ቡናውን ስቆላ አፍንጫዬ መቁያው ላይ ተደፍቶ ነበር። ምንም የቆዳ ሽታ አልሸተተኝም። እንዲያውም የቆላሁትን በምመዘግብበት ደብተር ላይ "ንጹሕ፣ የሎሚ አበባ የሚመስል" ብዬ በገዛ እጄ ጽፌአለሁ። ቆዳው የመጣው ከጋሽ ደበላ ጋር ነው። ጄሪካኑን ይዞ ሲገባ ቆዳውንም ይዞ ገባ። እኛም አሰብነው፣ ፈለግነው፣ አገኘነው። ሐሙስ ዕለት ባጃጅ ውስጥ በግ እንዳገኘሁት ማለት ነው። ልዩነቱ፣ በጉ በእውነት ባጃጁ ውስጥ ነበር፤ ቆዳው ግን ሲኒው ውስጥ አልነበረም።

ባልዲውን ሳላጥብ ተመለስኩ።

መንገዱ ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ ግን ረዘመብኝ። ጋሽ ታደሰን ተሳስተዋል ልላቸው ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ እኔ ራሴ ተሳስቻለሁ ልል ነው። ያቺ "ጎሽ" ገና ጆሮዬ ውስጥ ትሞቃለች። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። እናቴ ትሙት፣ ዝም ለማለትም አስቤ ነበር።

በሩን ከፍቼ "ጋሽ ታደሰ፣ እኔ የጻፍኩት ውሸት ነው" አልኩ።

ቀና አሉ። "ምን አልሽ?"

ደብተሩን አውጥቼ አሳየኋቸው። ስቆላ ያገኘሁትንና ከወሬው በኋላ ያገኘሁትን ነገርኳቸው። ሃያት ከኋላቸው ቆማ በዓይኗ ዝም በይ ትለኛለች። ጋሽ ታደሰ ፊታቸው ጠቆረ።

"ሠላሳ ዓመት የቀመሰ ምላስ በዘበኛ ወሬ አይታለልም!"

"የእኔ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ተታልሏል" አልኩ። "እንፈትነው። እኔ ካጠፋሁ ማንኪያዬን አስቀምጣለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ከመቁላት ሌላ አልጠይቅም።"

ቃሌን እንደሚቀበሉ አውቃለሁ። ደብተሩን ዘግተው መለሱልኝና "ደርድሪ" አሉ።

ሁለቱንም ወደ ውጭ አስወጣኋቸው። ሰኞ ዕለት ጋሽ ታደሰ ራሳቸው "እንከን የለሽ" ብለው ያሳለፉት አንድ የሊሙ ቡና ተርፎ ነበር። አምስት ሲኒ ደረደርኩ። በሦስቱ የማናውን፣ በሁለቱ የሊሙውን ጨመርኩ። የትኛው የት እንደሆነ በትንሽ ወረቀት ጽፌ ከየሲኒው ሥር ለጠፍኩ። ስንቱ የቱ እንደሆነ ሳልነግራቸው አስገባኋቸውና "ቆዳ የሚለውን ለይታችሁ ወደ ጎን አድርጉልኝ" ብቻ አልኩ።

ጋሽ ታደሰ ቀመሱ። ተመልሰው ቀመሱ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። በመጨረሻ ሁለት ሲኒ ወደ ጎን ገፉ። አንዷን ሲኒ ደግሞ ወደ እኔ አቅርበው "ቡና ማለት ይህቺ ናት" አሉ። ሃያት አምስቱንም ቀምሳ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "እኔ ምንም ቆዳ አላገኘሁም። ሁሉም ንጹሕ ነው" አለች። ያን ወረቀት ይዛ የመጣችው ሃያት ያላገኘችውን አገኘሁ አላለችም። በእሷም እኮራለሁ።

ሲኒዎቹን አንድ በአንድ አንስቼ ገለበጥኳቸው። ጋሽ ታደሰ ቆዳ ናቸው ብለው የገፏቸው ሁለቱም የሰኞው ሊሙ ነበሩ። ወደ እኔ ያቀረቧት ሲኒ የማና ናት።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ሳየው ግን የትልቅ ሰው ፊት እንደዚያ ሲገረጣ ደስ አይልም። ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ ኮፍያቸውን ከመስቀያው ሳያነሱ ወደ ግቢው ወጡ። ተከተልናቸው።

አባ ፎጊ ሲያዩአቸው ተነሱ። ጋሽ ታደሰ ባዶ ራሳቸውን ጎንበስ አድርገው፣ "አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዛሬ ቡናዎን በጆሮዬ ነው የቀመስኩት። ነገ በምላሴ እቀምሰዋለሁ" አሉ።

ሽማግሌው ነገሩ ሙሉ በሙሉ የገባቸው አይመስለኝም። ግን ፈገግ ብለው "ጆሮም የአላህ ነው፣ ጋሼ። ቡና ግን በአፍ ይሻላል" አሉ። ጋሽ ታደሰ ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው።

በማግስቱ ወሬውን ያልሰሙ ሁለት ቀማሾች ከሌላ ቤት ተጠሩ። ሳህኖቹ ላይ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ። የማናው ቡና ከሌሎች ስድስት ናሙናዎች መሃል ገብቶ ተቀመሰ። ሁሉም ንጹሕ ብለው ጻፉ። አለፈ።

ጋሽ ታደሰ የውጤቱን ቅጽ ሞልተው ፈረሙ፣ ቀማሾቹ ፈረሙ፣ ሃያት ፈረመች። ከዚያ እስክሪብቶውን ለእኔ ዘረጉልኝ። "ፈርሚ። እዚህ ጋ፣ ቀማሽ በሚለው ላይ።" ፈረምኩ። ፊርማዬ የእኔ አይመስልም ነበር።

ቅጹን ለአባ ፎጊ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ማንበብ ስለማይችሉ አነበብኩላቸው። "ንጹሕ" የሚለው ጋ ስደርስ "እስኪ ድገሚው" አሉኝ። ደገምኩት። ከዚያ በጣታቸው ከታች እየነኩ ስሞቹን አስቆጠሩኝ። የመጨረሻው ላይ ስደርስ "ይሄስ ማን ነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ፣ አባባ።"

እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ አድርገው በኦሮምኛ ረዥም ምርቃት መረቁኝ። ገለቶማ፣ ገለቶማ እያሉ አመሰገኑኝ። ጃንጥላቸውን ብብታቸው ሥር፣ ወረቀቱን ደረታቸው ውስጥ አድርገው ወጡ። እኔ ቤቴ የሄድኩት በእግሬ ነው፤ ባጃጅ ውስጥ መቀመጥ የምችል አልመሰለኝም። ለእናቴ "ምላሴ ጉድ አደረገኝ" ብዬ ነገርኳት። እሷም ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሰችው፣ የሁለት ሰው ስም እያምታታች።

ጋሽ ታደሰ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ያን ታሪክ ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ ራሳቸው ይናገሩት ነበር፣ አንድም ሳይቀንሱ። ሌላው ቢያወራባቸው ኖሮ ይገድሉት ነበር መሰለኝ። ዛሬ በእሳቸው ቦታ የምቀምሰው እኔ ነኝ። ሃያት አሁንም እጇን አልሰጠችም። "አንቺ ቡናው ንጹሕ ነው ብለሽ ስላሰብሽ ነው ንጹሕ የሆነው" ትለኛለች። እኔም "እሺ፣ አሁን ባልዲው ይታጠባል ብለሽ አስቢና እንየው" እላታለሁ። ክርክሩ አላለቀም፤ እንዲያልቅም አልፈልግም።

ከዚያ ቀን ወዲህ በእኛ ክፍል ሳህን ላይ ስም አይጻፍም። በየዓመቱ ጥር ሲደርስ የእነ አባ ፎጊ ማኅበር ናሙና እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሽማግሌው ራሳቸው ይዘውት ይመጣሉ፤ አሁን በምርኩዝ ነው። ዘንድሮም መጥተው ከግራቪሊያው ሥር ተቀምጠው በመስኮት አየኋቸው። ፊቴ ሃያ ሲኒ ተደርድሯል። ልቤ ያንን ቡና ለማግኘት ፈልጎ ነበር። እያንዳንዱን ማግ አድርጌ፣ ተፍቼ፣ ጻፍኩ። ወጥቼ ሰላም ስላቸው "የእኛን ቀመስሽው?" አሉኝ።

"ቀምሻለሁ፣ አባባ። የትኛው እንደሆነ ግን አላውቅም" አልኳቸው፤ እንደዚያን ጊዜ ኮርቼ የማውቅ አይመስለኝም።